የቶርበል ደንብ፦ አንድ የተራራ መንደር የወል ግጦሹን ለአምስት መቶ ዓመት እንዴት ጠበቀ?

ማንም የመንደሩ ተወላጅ በበረዶው ወራት ቀልቦ ከሚያከርመው ላም በላይ ወደ ተራራው ግጦሽ እንዳይሰድ። እ.ኤ.አ. በ1517 በስዊዘርላንድ ተራሮች የሚኖሩ ገበሬዎች ይህን ደንብ በጽሑፍ አሰፈሩ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ደንቡን የጣሰ ይቀጣል፤ ቅጣቱን የሚያስፈጽመው ሹም ከቅጣቱ ገንዘብ ግማሹን ለራሱ ይወስዳል። አራት መቶ ሃምሳ ዓመት አልፎ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ አንድ አሜሪካዊ ተመራማሪ እዚያው መንደር ተቀምጦ ሲያጠና ደንቡ አሁንም ይሠራ ነበር።

መንደሩ ቶርበል ይባላል። ነዋሪዎቹ አምስት መቶ ገደማ ናቸው። ወደ ዘርማትና ወደ ማተርሆርን ተራራ የሚሄደው መንገድ ከሥሩ ስለሚያልፍ አብዛኛው ቱሪስት ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው ይሄዳል። የኢኮኖሚክስና የአካባቢ ጥበቃ ተማሪዎች ግን ያውቁታል። ብዙ ሰው አብሮ የሚጠቀምበት ሀብት፣ ግጦሽም ይሁን ደን፣ ውሃም ይሁን ዓሣ፣ ሳይራቆት እንዴት ሊቆይ ይችላል የሚለው ጥያቄ በተነሣ ቁጥር ቶርበል ይጠራል። የስዊስ ቅርስ ሲባል ሰዓቱ፣ ቸኮሌቱና ያማረው የእንጨት ቤት ቶሎ ትዝ ይላል። የዚህ መንደር ትልቁ ቅርስ ግን ደንቡ ነው ብዬ አምናለሁ። ደንቡ ለምን እንደሠራ፣ ማንን እንደጠቀመና ማንን በር ላይ እንዳስቀረ ማወቅ ለማንም አንባቢ ይጠቅማል።

ደረቁ ተራራ

ስዊዘርላንድ በ26 ካንቶኖች የተከፈለች አገር ናት። እያንዳንዱ ካንቶን የራሱ ሕገ መንግሥት፣ ምክር ቤትና ፍርድ ቤት አለው። በካንቶኖቹ ሥር ደግሞ ወደ 2,100 የሚጠጉ የአካባቢ አስተዳደሮች አሉ፤ አንዳንዱ እንደ ዙሪክ ትልቅ ከተማ ነው፣ አንዳንዱ ጥቂት መቶ ሰው የሚኖርበት መንደር። ቶርበል የቫሌ ካንቶን ነው። ቫሌ በምዕራብ በኩል ፈረንሳይኛ፣ በምሥራቅ በኩል ጀርመንኛ ይናገራል፤ ቶርበል በጀርመንኛው ወገን፣ ፊስፕ ከሚባለው ከተማ በላይ፣ ከባሕር ጠለል 1,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ገደላማ ጎን ላይ ተለጥፎ ይገኛል። ለእኛ 1,500 ሜትር ወይና ደጋ ነው። እዚያ ግን በዓመት ለወራት መሬቱ በበረዶ ይሸፈናል፤ ከብት ደጅ ወጥቶ የሚነጨው ነገር አይኖርም።

ስለ አልፕስ ሲነሣ ብዙ ሰው ርጥብና አረንጓዴ አገር ነው የሚታየው። ቫሌ ከዚህ ይለያል። በሰሜንም በደቡብም ከፍተኛ ተራሮች ስለከበቡት ዝናም ያዘለው ደመና ሸለቆው ሳይደርስ ይራገፋል። ከቶርበል ሥር ባለው ሽታልደን አካባቢ በዓመት የሚዘንበው ከ600 ሚሊ ሜትር በታች ነው፤ የአዲስ አበባ ግማሽ ያህል ማለት ነው፣ በመላው ስዊዘርላንድም ከደረቁት ቦታዎች አንዱ ነው። በዚያ ላይ ቁልቁለቱ ፀሐይ ፊት ለፊት የሚመታው ነው። ሣሩ ያለ መስኖ በሐምሌ ይቃጠላል።

አንድ የቶርበል ቤተሰብ በዚህ ተራራ ላይ ለመኖር ከላይ እስከ ታች መበታተን ነበረበት። ታች፣ ሽታልደን አጠገብ፣ ትንሽ የወይን ቦታ። መካከል ላይ በመንደሩ ዙሪያ የአትክልት ጓሮ፣ ራይ የሚባለው የስንዴ ዘመድ የሚዘራበት ማሳና ድርቆሽ የሚታጨድበት ሣር። ላይ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ፣ በበጋ ብቻ የሚደረስበት የግጦሽ ተራራ። ራዩ ተፈጭቶ ዳቦ የሚሆነው በጋራ ምድጃ ነው፤ ምድጃው በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ይነድና እያንዳንዱ ቤት ተራ ይዞ ለወራት የሚበቃውን ይጋግራል። ዳቦው እንደ ድንጋይ ይደርቃል፤ ደርቆም ይበላል።

ውሃ፣ ድርቆሽ፣ ላም፣ ፎርማጆ

የ1517ቱን ደንብ ለመረዳት ሰንሰለቱን ከታች ጀምሮ መከተል ያስፈልጋል።

አንዲት ላም በቀን ከአሥር ኪሎ በላይ ድርቆሽ ትበላለች። ለስድስት ወር ተደምሮ ወደ ሁለት ቶን ይጠጋል። ይህ ድርቆሽ የሚመጣው ከቤተሰቡ የግል ሣር ነው፣ የግሉ ሣር የሚበቅለው በመስኖ ነው፣ የመስኖ ውሃ ደግሞ በተራ ነው። ስለዚህ ብዙ ሣርና ብዙ የውሃ ተራ ያለው ብዙ ላም ያከርማል፤ ጥቂት ያለው ጥቂት። ጸደይ አልፎ በረዶው ሲቀልጥ ማንም ሰው ጎተራው ካከረመለት በላይ ላም ይዞ ወደ ወል ግጦሹ መውጣት አይችልም። ለአንድ በጋ ርካሽ ጊደሮች ከገበያ ገዝቶ በነፃ ሣር አደልቦ መሸጥ በደንቡ የተዘጋ መንገድ ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ጥበቡ ያለው እዚህ ነው። የመንደሩ ሽማግሌዎች ተራራው ስንት ላም ይችላል ብለው መለካት አላስፈለጋቸውም። ይህን መለካት ዛሬም ለሳይንቲስት ከባድ ነው። የለኩት ሌላ ነገር ነው፦ ሁሉም ሰው የሚያየውን የጎረቤት ድርቆሽ። ድርቆሽ አይደበቅም። ሲታጨድ ይታያል፣ በጀርባና በበቅሎ ሲጫን ይታያል፣ የጎተራው ቁመት ይታወቃል። ጎረቤቴ ሦስት ላም ብቻ እንዳከረመ መንደሩ በሙሉ ካወቀ፣ ሰኔ ላይ አምስት ይዞ ሲመጣ ምስክር መጥራት አያስፈልግም።

ቁጥጥሩም በሥራው ውስጥ የተሰፋ ነው። ከብቶቹ ወደ ተራራው የሚወጡት ሁሉም በአንድ ቀን ነው፤ በዚያው ቀን ይቆጠራሉ። ቆጠራው ለቅጣት ብቻ አይደለም። ላይ ጥቂት ቅጥር እረኞች ወተቱን በአንድነት አልበው ክብ ክብ ፎርማጆ ይሠራሉ፤ በበጋው መጨረሻ ፎርማጆው ለባለላሞቹ የሚከፋፈለው በላሞቻቸው ቁጥር ነው። የመንገድ ጥገና፣ በበረዶ ናዳ የፈረሰ በረት መጠገን፣ ፍግ ግጦሹ ላይ መበተን፣ ይህም ሁሉ የሚደለደለው በላም ቁጥር ነው። ትክክለኛው ቁጥር እንዲታወቅ የማይፈልግ ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ አንዱ በፎርማጆው ድርሻ፣ ሌላው በጉልበት ሥራው ይጎዳልና። ግማሽ ቅጣት የሚወስደው ሹምም ዓይኑን የሚጨፍንበት ምክንያት የለውም።

ደንቡን ያወጣው ጌታ ወይም ጳጳስ አይደለም። የመንደሩ ሰዎች የካቲት 1 ቀን 1483 ተሰብስበው ለግጦሹ፣ ለደኑና ለጠፍ መሬቱ ማኅበር የሚያቋቁም ሰነድ ፈርመዋል፤ ከዚያ በፊትም ከ1224 ጀምሮ መሬትን የሚመለከቱ ጽሑፎች አሉ። ከብት ያለው ተወላጅ ሁሉ የማኅበሩ አባል ነው፤ በዓመት አንድ ጊዜ ይሰበሰባሉ፣ ኃላፊዎች ይመርጣሉ፣ እረኛ ይቀጥራሉ፣ ደንብ ያሻሽላሉ። ደኑም በተመሳሳይ መንገድ ይተዳደራል። የሚቆረጡትን ዛፎች ሹማምንቱ ምልክት ያደርጉባቸዋል፤ ቤተሰቦች በቡድን ሆነው ምልክት ያለበትን ብቻ ይቆርጣሉ፣ ግንዱን አውጥተው እኩል እኩል ይከምራሉ፤ የትኛው ክምር ለየትኛው ቤተሰብ እንደሚደርስ በዕጣ ይወሰናል።

በእንጨት ላይ የተጻፈ ውሃ

የመስኖውን ነገር በአጭሩ ማለፍ አልችልም፤ ከግጦሹ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ እሱ ነው።

በመላው ቫሌ ገበሬዎች ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ከግግር በረዶ ሥር የሚወጣውን ውሃ በረጃጅም ቦዮች ወደ ሣራቸው አምጥተዋል። በጀርመንኛው ወገን ሱኦነን፣ በፈረንሳይኛው ቢስ ይባላሉ። ተቀጣጥለው ቢለኩ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳሉ። ቦዩ ለስላሳ መሬት ላይ ሲሆን ተቆፍሮ ይሄዳል። ገደል ሲያጋጥም ግን ግንድ እንደ ገንዳ ተቦርቡሮ በገደሉ ፊት በእንጨት ካስማ ይንጠለጠላል። በየጸደዩ ናዳ የሰበረውን ለመጠገን ሰዎች በገመድ ታስረው ይወርዱ ነበር፤ ሕይወታቸውን ያጡም ጥቂት አይደሉም።

ቦዩን ሌሊትና ቀን የሚጠብቅ ሰው ነበረው፣ በእኛ አገር የውሃ አባት የምንለው ዓይነት። ይህ ጠባቂ አንድ ብልሃት ነበረው። በቦዩ ላይ ትንሽ መንኮራኩር ይተከላል፤ ውሃው ሲያዞረው የእንጨት መዶሻ እያነሣ ሰሌዳ ላይ ይጥላል። ድምፁ እስከተሰማ ድረስ ውሃው እየሄደ ነው። ድምፁ ሲቋረጥ ቦዩ ላይ የሆነ ነገር ተሰብሯል ወይም ተደፍኗል ማለት ነው፤ ጠባቂው በጨለማም ቢሆን ተነሥቶ ይሄዳል።

ውሃው መንደር ሲደርስ ማን ለስንት ሰዓት ይወስዳል? መዝገቡ እንጨት ነበር። ተሰል የሚባሉ ትንንሽ እንጨቶች ላይ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ የቤት ምልክት ይቀረጽለታል፦ መስቀል፣ ሹካ መሳይ ነገር፣ ሁለት የተጠላለፉ መስመሮች። ከምልክቱ አጠገብ ያለው ጭረት የውሃ መብቱን መጠን ይናገራል። እንጨቶቹ በገመድ ላይ በቅደም ተከተል ይሰካሉ፤ ቅደም ተከተሉ የውሃው ተራ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ አንዴ አይቶ ተራው ከማን በኋላ እንደሆነ ያውቃል። ለላም መብትም፣ ለብድርም፣ ለጥበቃ ተራም የተለየ የተሰል ዓይነት ነበር። ዛሬ በቫሌ ሙዚየሞች በመስታወት ውስጥ ተቀምጠው ይታያሉ፤ በእርጅናና በእጅ ብዛት ጠቁረው፣ ጠርዛቸው ለስልሶ።

ቶርበልን ያጠናው ተመራማሪ ስለዚህ መስኖ ሲጽፍ ያስገረመው ነገር ሥርዓቱን ሙሉ በሙሉ የሚያውቅ አንድም ሰው አለመኖሩ ነው። እያንዳንዱ የራሱን ሣር፣ የራሱን ተራ፣ ከፊቱና ከኋላው ያለውን ጎረቤት ያውቃል። ሁሉንም በአንድ ጭንቅላት ወይም በአንድ ካርታ የያዘ የለም፤ ውሃው ግን ሳይዛነፍ ለመቶ ዓመታት ደርሷል። የመስኖ ሥርዓት ከላይ በአንድ መሐንዲስ ካልታቀደ አይሠራም ብሎ ለሚያምን ሰው ይህ ከባድ ጥያቄ ነው።

ማሳው የግል፣ ተራራው የወል፣ ለምን?

ተመራማሪው ሮበርት ኔቲንግ ይባላል። አንትሮፖሎጂስት ነው፤ ወደ አልፕስ ከመምጣቱ በፊት በናይጄሪያ ጆስ አምባ ላይ ከኮፍያር ገበሬዎች ጋር ኖሮ እርሻቸውን አጥንቷል። ቶርበል ሲደርስ አንድ ቀላል የሚመስል ጥያቄ አነሣ። እነዚህ ሰዎች የወል መሬትን ያን ያህል የሚወዱ ከሆነ ማሳቸውንና የሣር መሬታቸውን ለምን በግል ያዙ? የግል ንብረትን የሚወዱ ከሆነስ ተራራውን ለምን አልተከፋፈሉትም? እንደ መሬቱ ባሕርይ እየለዩ ነበር የሚያስተዳድሩት።

ተራራው ላይ ከአንድ ሄክታር የሚገኘው ሣር ትንሽ ነው። በዓመት የሚያገለግለው ለጥቂት ወራት ነው። አንድ ዓመት በዚህኛው ጎን ዘግይቶ የወረደ በረዶ ሣሩን ይገድለዋል፤ በሌላ ዓመት ያኛውን ጎን ድርቅ ይመታዋል። አንድ ሰው የብቻው ቁራሽ ቢኖረው በክፉ ዓመት ላሞቹ ጾማቸውን ያድራሉ፤ ሰፊው ተራራ የሁሉም ሲሆን ግን እረኛው ሣር ወዳለበት ይነዳቸዋል። አጥር ማጠሩ፣ ለየብቻ እረኛ መቅጠሩም ከሚገኘው ጥቅም በላይ ያስወጣል። መሬቱን በፍግና በመስኖ ለማሻሻል ያለው ዕድልም ጠባብ ነው።

የመንደሩ ሣርና ማሳ የዚህ ተቃራኒ ነው። ትንሽ ቦታ ብዙ ይሰጣል፤ ፍግ የተሸከመ፣ ቦይ የቆፈረ፣ ድንጋይ የለቀመ ሰው ድካሙን በዓይኑ ያየዋል። እዚያ ላይ የእኔ የሚባል ነገር ከሌለ ማን ይደክማል? ስለዚህ የግል ሆነ። ለልጆች የሚተላለፈውም በእኩልነት ነው፤ ወንድም ሴትም እኩል ይካፈላሉ። በዚህ ምክንያት አንድ ቤተሰብ እዚህም እዚያም የተበታተኑ ብዙ ቁራሽ መሬቶች ይኖሩታል፤ ቤቱም ሳይቀር ይከፈላል። የቶርበል የድሮ ቤቶች ላርች ከሚባል ጥድ መሰል ዛፍ የተሠሩ፣ ፀሐይ ያጠቆራቸው፣ ባለ ሁለትና ሦስት ፎቅ ናቸው። አንደኛው ፎቅ የወንድም፣ ሁለተኛው የእኅት፣ ጋጣው ለሁለቱ እኩል፣ ጎተራው ለአራት ዘመዶች ሩብ ሩብ ሊሆን ይችላል። ጎተራው በአጫጭር እግሮች ላይ ይቆማል፤ በእያንዳንዱ እግር አናት ላይ እንደ ምጣድ የሰፋ ክብ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። አይጥ እግሩን ወጥታ ድንጋዩ ሥር ስትደርስ መሻገሪያ የላትም። በመንደሩ ያለ አንድ የቅርስ ማኅበር ወፍጮውን፣ የዳቦ ምድጃውን፣ ጎተራውንና ጋጣውን አድሶ ለጎብኚ ከፍቷል።

ኖቤል የደረሰው ጥያቄ

በ1968 ጋሬት ሃርዲን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ሕይወት ምሁር በጣም የታወቀ ጽሑፍ አሳተመ። ክርክሩ ይህ ነው፦ ለሁሉም ክፍት በሆነ ግጦሽ ላይ እያንዳንዱ እረኛ አንድ ከብት ቢጨምር ትርፉ የብቻው ነው፣ ጉዳቱ ግን ለሁሉም ይከፋፈላል፤ ስለዚህ ሁሉም ይጨምራል፣ ግጦሹም ይጠፋል። መፍትሔው ወይ መንግሥት ይውሰደው፣ ወይ ለግለሰብ ይከፋፈል። ይህ ሐሳብ በብዙ አገሮች የወል መሬትን ለመውረስም ለመሸጥም ምክንያት ሆኖ አገልግሏል።

የኔቲንግ ሥራ በ1970ዎቹና በ1981 ሲታተም ለሃርዲን የሚመልስ ማስረጃ ይዞ ነበር። ቶርበል ለመንግሥትም አልሰጠ፣ አልተከፋፈለምም፤ ተራራውም አልተራቆተም። የፖለቲካ ሳይንስ ምሁሯ ኤሊኖር ኦስትሮም በ1990 ባሳተመችው ዋና ሥራዋ ቶርበልን ከጃፓን መንደሮችና ከስፔን የመስኖ ማኅበራት ጋር ጎን ለጎን አስቀምጣ የሚያመሳስላቸውን ፈተሸች። አባላቱ ተለይተው የታወቁ ናቸው፤ ደንቡን የሚያወጡት ራሳቸው ተጠቃሚዎቹ ናቸው፤ ተቆጣጣሪው ለእነሱ ተጠያቂ ነው፤ ቅጣቱ እንደ ጥፋቱ ከፍ ይላል፤ መንግሥትም በራሳቸው ደንብ የመተዳደር መብታቸውን አይነካም። በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማትን ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ኔቲንግ በ1995 ሞቶ ስለነበር ይህን አላየም።

ሃርዲን የሳተው አንድ ልዩነት ነው፤ ባለቤት የሌለውን መሬትና ብዙ ባለቤት ያለውን መሬት አንድ አድርጎ ቆጠራቸው። በኋላ ራሱም ሐሳቡ የሚመለከተው አስተዳደር የሌለውን የወል ሀብት መሆኑን አምኗል። ለኢትዮጵያ አንባቢ ልዩነቱ አዲስ አይሆንም። የመንዝ ሰዎች የጓሳውን ሣር ለዓመታት ዘግተው፣ መብቱ ላላቸው የቀደምት አባቶች ዘሮች በወቅቱ እየከፈቱ ለዘመናት አስተዳድረውታል፤ የ1975ቱ የመሬት አዋጅ ያን መብት ሲያፈርሰው ሥርዓቱ ተናጋ። ኦስትሮም የጠየቀቻቸውን ጥያቄዎች ይዘው ጓሳን ያጠኑ ተመራማሪዎች አሉ።

የተዘጋው በር

የቶርበልን ታሪክ እንደ ተረት የሚያወሩት ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚዘሉት ክፍል አለ። የ1483ቱ ሰነድ ስለ ባዕዳንም ይናገራል። ከውጭ የመጣ ሰው በቶርበል መሬት ቢገዛ እንኳ በወል ግጦሹ፣ በደኑና በጠፍ መሬቱ ላይ አንዳችም መብት አያገኝም። መሬት መግዛት አባልነትን አያስገኝም። አባል የሚያደርጉት ነባሮቹ ናቸው፤ እምቢ ማለት ይችላሉ፣ አብዛኛውን ጊዜም እምቢ ይሉ ነበር።

ከውስጥም ዋጋ ነበረው። ተራራው የሚያበላው ሰው ቁጥር የተወሰነ ስለሆነ የሕዝቡ ቁጥርም መያዝ ነበረበት። ሰዎች ዘግይተው ያገቡ ነበር፤ ብዙዎች ሳያገቡ ቀርተው በወንድም ወይም በእኅት ቤት አርጅተዋል፤ ሌሎች ተሰደዋል።  በ19ኛው ክፍለ ዘመን ድንች ከተስፋፋ በኋላ ሕዝቡ በፍጥነት ሲጨምር መሬቱ ጠበበ። የላይኛው ቫሌ ስደተኞች ከ1858 ጀምሮ በአርጀንቲና ሳን ሄሮኒሞ ኖርቴ የሚባል ሰፈር እስከ መመሥረት ደርሰዋል። ግጦሹ ዘላቂ ሆኖ ቆየ ስንል ከነዚህ ሰዎች ዕጣ ነጥለን ማየት የለብንም።

በስብሰባው የሚመርጡትና የሚመረጡት ደግሞ ወንዶች ነበሩ። ሴቶች መሬትን እኩል እየወረሱ በአደባባይ ድምፅ አልነበራቸውም። የሚገርመው፣ የስዊዘርላንድ ሴቶች በሕዝበ ውሳኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ የሰጡት ከቶርበል ብዙም በማይርቅ ኡንተርቤኽ በሚባል የተራራ መንደር ነው። መጋቢት 3 ቀን 1957 ነበር። ጥያቄው ሴቶች በሲቪል መከላከያ እንዲያገለግሉ ይገደዱ ወይ የሚል ነበር፤ የመንደሩ ምክር ቤት ጉዳዩ የሚመለከታቸው እነሱ ከሆኑ እነሱም ይምረጡ ብሎ ሣጥኑን ከፈተላቸው። 33 ሴቶች ተቃውሞና ስድብ እየሰሙ ገብተው መረጡ። ድምፃቸው አልተቆጠረም። የመላ አገሪቱ ሴቶች የመምረጥ መብት ያገኙት በ1971 ነው፤ ቫሌ ካንቶን አንድ ዓመት ቀድሞ ፈቅዷል።

ላሙ ሲያንስ

ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ ሎንዛ የተባለው የኬሚካል ኩባንያ በፊስፕ ፋብሪካ ከተከለ ወዲህ የአካባቢው ገበሬ ሌላ ኑሮ ጀመረ። ቀን ፋብሪካ፣ ማታና እሑድ ድርቆሽ። ጥቂት ላም የሚያረባ ሠራተኛ ገበሬ ለሁለት ትውልድ የቫሌ መንደሮች መገለጫ ነበር። ከዚያ ልጆቹ ላሞቹን እየተዉ ደመወዙን ብቻ ያዙ። ሎንዛ በ2020 እና በ2021 የሞደርና የኮቪድ ክትባት ንጥረ ነገር በፊስፕ ሲያመርት ሸለቆው በዓለም ዜና ገባ፤ ዛሬም የብዙ መንደር ሰው እንጀራ እዚያ ነው።

ስለዚህ የ1517ቱ ደንብ የተሠራበት ችግር ተገልብጧል። ያኔ የሚፈራው የላም መብዛት ነበር፣ አሁን ማነስ ነው። ያልታጨደና ያልተጋጠ ሣር ቁጥቋጦ ይበቅልበታል፣ ከዚያ ደን ይሆናል፤ በስዊስ አልፕስ ደኑ በየዓመቱ ወደ ግጦሹ እየገፋ ነው። አበባማው ሣር፣ ከሱ ጋር የሚኖሩት ነፍሳትና አዕዋፍ አብረው ይጠፋሉ። የፌዴራሉ መንግሥት በበጋ ከብት ወደ ተራራ ለሚያወጡ ገበሬዎች ድጎማ የሚከፍለው ለዚህ ነው። ግጦሹን የሚያድነው ደንብ ሳይሆን አሁን የሚፈለገው የሚያግጥ ሰው ነው። ይህን መናገር የሚያሳዝን ቢሆንም ቦዮቹም ብዙዎቹ በቧንቧ ተተክተዋል፤ የቀሩት በቦያቸው ዳር ባለው የእግር መንገድ ይታወቃሉ።

በታኅሣሥ 2023 ዩኔስኮ ሁለት ነገሮችን በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አሰፈረ፦ የስዊዘርላንድን የተራራ ግጦሽ ወቅት፣ እንዲሁም ስዊዘርላንድ ከኦስትሪያ፣ ከጣሊያንና ከሌሎች አገሮች ጋር ያቀረበችውን ባህላዊ መስኖ። (የሐረሩ ሹዋሊድ የተመዘገበውም በዚያው ጉባኤ ነው።) ምዝገባው የሚያከብረው ዕውቀቱንና ማኅበራዊ አደረጃጀቱን መሆኑ ተገቢ ነው። ቦይ ድንጋይና እንጨት ነው፤ ተራ ጠባቂ ከሌለው በሁለት ዓመት ይደፈናል።

ሌላው ትግል ስለ ቤት ነው። በተራራ መንደሮች የከተማ ሰው ለእረፍት ብቻ የሚመጣበት ቤት እየበዛ ሲሄድ፣ የስዊስ ሕዝብ መጋቢት 11 ቀን 2012 በጠባብ ልዩነት አንድ ሕግ አጸደቀ፦ በአንድ አካባቢ አስተዳደር ውስጥ ካሉት መኖሪያዎች ከ20 በመቶ በላይ የእረፍት ቤት እንዳይሆኑ። ቫሌ በከፍተኛ ድምፅ ተቃወመው። ለመንደሩ ሰው ገንዘብ የሚያስገባ ንብረቱን ከተማው በድምፅ ብዛት ቆለፈበት የሚል ቅሬታ ነበር፤ ቅሬታው ይገባኛል። ግን ለወራት መስኮታቸው የተዘጋ ቤቶች የሞሉበት መንደር ቦይ የሚጠርግ ሰው ከየት ያመጣል?

ፓስፖርት ላይ የቀረችው መንደር

በ1798 የናፖሊዮን ዘመን ለውጥ ስዊዘርላንድ ሲደርስ የመንደር አስተዳደር ለሁለት ተከፈለ። በአንድ ወገን የነዋሪዎች ሁሉ አስተዳደር መጣ፤ ትምህርት ቤት፣ ግብርና መንገድ የሱ ነው። በሌላ ወገን የነባር ተወላጆች ማኅበር ቀረ፤ ደንና ግጦሽ የያዘው እሱ ነው። በቫሌ ሁለቱም ዛሬ ጎን ለጎን አሉ፤ አንድ ሰው ለሃያ ዓመት በመንደሩ ኖሮ ግብር እየከፈለ የነባሮቹ ማኅበር አባል ላይሆን ይችላል።

በስዊስ ፓስፖርት ላይ የትውልድ ቦታ አይጻፍም። የሚጻፈው ቤተሰቡ የዜግነት መብት ያገኘበት መንደር ወይም ከተማ ነው። ዙሪክ ተወልዶ፣ ዙሪክ አድጎ፣ ቶርበልን አይቶ የማያውቅ ሰው ፓስፖርቱ ላይ ቶርበል ሊል ይችላል፤ አያቱ ከዚያ ስለወረዱ።

ይህ በስዊዘርላንድ የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎችን በቀጥታ ይመለከታል። የስዊስ ዜግነት የሚሰጠው በሦስት ደረጃ ነው፦ በአካባቢ አስተዳደሩ፣ በካንቶኑና በፌዴራሉ መንግሥት። ከ2018 ጀምሮ በመደበኛው መንገድ ለማመልከት ሲ የሚባለው የቋሚ መኖሪያ ፈቃድና በአገሪቱ የአሥር ዓመት ቆይታ ያስፈልጋል፤ ካንቶኖች ደግሞ በዚያው ካንቶንና መንደር ከሁለት እስከ አምስት ዓመት መኖርን ይጠይቃሉ። በበርካታ ትንንሽ ቦታዎች ማመልከቻው የሚቀርበው ለነዋሪዎች ጉባኤ ነው፤ አመልካቹ ስለ አካባቢው ታሪክ፣ ስለ ማኅበራቱና ስለ በዓላቱ ይጠየቃል። ከዚህ ቀደም አንዳንድ ቦታዎች በአመልካቾች ላይ በምስጢር ድምፅ መስጫ ሣጥን ይወስኑ ነበር። የፌዴራሉ ፍርድ ቤት በሐምሌ 2003 ኤመን ከሚባል ቦታ በመጣ ክርክር ይህን ሕገ መንግሥቱን የሚጻረር ነው አለ፤ ምክንያቱም አንድ ማመልከቻ ውድቅ ሲደረግ ምክንያቱ ሊነገር ይገባል፣ ሣጥን ግን ምክንያት አይናገርም። የሣጥኑን ምርጫ መልሶ ለመፍቀድ የቀረበውን ሐሳብ ሕዝቡ ሰኔ 1 ቀን 2008 ውድቅ አደረገው። ዛሬ ጉባኤው እምቢ ካለ ለምን እንዳለ በጽሑፍ መስጠት አለበት፤ አመልካቹም ይግባኝ ማለት ይችላል።